ማፍላት የማያድነው ውሃ

ይህ አዳማ ውስጥ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ፣ የሐይቅን ውሃ አረንጓዴ ስለሚያደርገው ነገርና ስለ መርዙ ያደረግኩት ንግግር ነው። በኋላ "እስቲ ጻፈው" ያሉኝ ስለበዙ ከስልኬ ቅጂ ላይ እያዳመጥኩ ጻፍኩት። መሐል ላይ የተጠየቅኩትንም አልቆረጥኩም፤ ከኔ ወሬ የሚሻለው እሱ ነው።

እንደምን ዋላችሁ። በቅድሚያ ይቺን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጣት። ዛሬ ጠዋት ከቆቃ ሐይቅ ዳር የቀዳኋት ውሃ ናት። እባካችሁ ማንም እንዳይነካት፣ እንዳይነቀንቃት። እኛ ስናወራ እሷ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ መጨረሻ ላይ እናያታለን።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርኩ። ናሙና ይመጣል፣ እንመረምራለን፣ እንፈርማለን። አንድ ቀን የመጣው ናሙና በጣም ጥሩ ነበር። ኢ-ኮላይ፣ ማለትም ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁመው ባክቴሪያ፣ ዜሮ፣ ክሎሪኑ ልክ፣ ድፍርስነቱም ልክ። "ለመጠጥ ይሆናል" ብዬ ፈረምኩ። በዚያው ሳምንት ውሃው የሚመጣበትን ግድብ ለማየት ወረድን። ዳር ዳሩ ላይ አንድ ሰው ባልዲ ሙሉ አረንጓዴ ቀለም የደፋበት ይመስላል። እንጨት ብትነክርበት እንጨቱ ቀለም ተቀብቶ ይወጣል። ዘበኛው ሽማግሌ ነበሩ፣ "እኔ በዚህ በኩል ከብት አላጠጣም" አሉኝ። ለምን ስላቸው "ዝም ብዬ ነው፣ ደስ አይለኝም" አሉ። እኔ በፈረምኩት ወረቀት ላይ ስለዚያ አረንጓዴ ነገር አንድ መስመር እንኳ አልነበረም። ስላልነበረ አይደለም። ስላልለካነው ነው።

ይሄ ነገር ምንድን ነው? ትምህርት ቤት "ዋቅላሚ" ብለው አስተምረውናል፣ አሁን ሁሉም ሰው አልጌ ነው የሚለው። ዛሬ የማወራችሁ ግን በትክክል ስሙ ሲጠራ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ እንደ ልማዴ አልጌው ብልም እሱን ማለቴ ነው። ባክቴሪያ ነው፣ ግን እንደ ተክል ከፀሐይ ምግቡን ይሠራል። ከእንቦጭ ጋር እንዳታምታቱት። እንቦጭ ቅጠልና ሥር ያለው አረም ነው፣ በእጅ ይነቀላል። ይሄኛውን አንድ በአንድ የምታዩት በማይክሮስኮፕ ነው። ሲበዛ ግን ሐይቁን ሾርባ ያደርገዋል።

የሚበዛው ምግብ ሲያገኝ ነው። ምግቡ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ነው፤ ማለትም ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ። በዚያ ላይ ሙቀትና የረጋ ውሃ ከተጨመረለት አለቀ። ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ግድቡ ሲሠራ የተፈጠረ ነው፣ አዋሽ ይገባበታል፣ የሞጆ ወንዝም ይገባበታል። ሞጆ ስል ቆዳ ፋብሪካዎቹ ትዝ እንደሚሏችሁ አውቃለሁ። ግን ሁሉን ነገር በፋብሪካ ላይ መደፍደፍ አይሆንም፤ የሁላችንም ሽንት ቤት እዚያው ነው የሚወርደው።

አረንጓዴ ሁሉ መርዝ አይደለም፣ ይሄን ልብ በሉ። ቢሾፍቱ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙ ራሱ አረንጓዴ ነው። እሱን በብዛት ያረነጎደው ስፒሩሊና እያሉ በክኒንና በዱቄት የሚሸጡት ዓይነት ነው፣ ፍላሚንጎ ይበላዋል። ከቀለሙ ብቻ ተነስቶ "ይሄ መርዝ ነው፣ ይሄ ደህና ነው" የሚል ሰው ካያችሁ እሱ እየገመተ ነው።

አንዳንዶቹ ሳያኖባክቴሪያዎች ግን መርዝ ይሠራሉ፤ መርዞቹም ብዙ ናቸው። ሁለቱ ጉበት ላይ ይዘምታሉ፤ ማይክሮሲስቲንና ሲሊንድሮስፐርሞፕሲን። ሁለተኛው ኩላሊትንም አይምርም። አናቶክሲን እና ሳክሲቶክሲን ደግሞ ነርቭ ነው የሚያጠቁት። ስማቸውን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። ዛሬ ማይክሮሲስቲንን ብቻ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ተመራማሪዎች በእኛ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በቆቃ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በጫሞ ለክተው አግኝተውታል። ከመጠጥ ውሃው ገደብ በላይ ሆኖ።

ገደቡ ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1 ማይክሮግራም ይላል። ማይክሮግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ ወይ "ኧረ ኢምንት ናት" ይላል ወይ ይደነግጣል። ሁለቱም የሚሆነው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ አብረን እናስላው፤ አይከብድም።

አይጦች በየቀኑ መርዙን እየተሰጣቸው ቆዩ። በኪሎ ክብደታቸው 40 ማይክሮግራም ሲሰጣቸው ጉበታቸው ላይ ጉዳት አልታየም። እሺ። ግን ሰው አይጥ አይደለም፣ ሰውና ሰውም እኩል አይደለም፣ ጥናቱም ዕድሜ ልክ የተደረገ አይደለም። ስለዚህ ለጥንቃቄ በ1000 አካፈሉት። 0.04 ሆነ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብንወስድ በቀን 2.4 ማይክሮግራም ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ሃያ በመቶው ከሌላ ቦታ፣ ከምግብ ከምናምን ይመጣል ብለን ብንተው 1.92 ይቀራል። ሰውየው በቀን ሁለት ሊትር ይጠጣል። ለሁለት አካፍሉት፤ 0.96። እንግዲህ አንድ ብለው ደፈኑት።

አያችሁ? ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ አይደለም። ውስጡ ሰው አለ። ስንት ኪሎ ነው? ስንት ይጠጣል? ለስንት ጊዜ? ከነዚህ አንዱን ስትቀይሩ ገደቡም ይቀየራል። ዕድሜ ልክ ሳይሆን ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ከሆነ ለአዋቂ እስከ 12 ድረስ ይፈቀዳል። ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን ግን በዚያው አጭር ጊዜ ውስጥ 3 ነው። ለምን? አምስት ኪሎ የሆነ ሕፃን ወተቱ በውሃ ከተበጠበጠለት በቀን ሦስት ሩብ ሊትር ይጠጣል። በኪሎ ስታሰሉት ከእናቱ አራት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው የሚጠጣው። እናትየው ምንም ሳትሆን ልጇ ሊታመም ይችላል፣ ከአንድ ጀሪካን ጠጥተው።

ለዋና ደግሞ 24 ነው። እሱም ለልጅ ነው የተሰላው፤ 15 ኪሎ የሆነ ልጅ ሲንቦጫረቅ ውሎ አንድ ሩብ ሊትር ይውጣል ብለው። ልጆች ሲዋኙ ያየ ሰው ይሄ ቁጥር የተጋነነ ነው አይልም።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ይዛችሁ ብራዚል እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1996 ካሩዋሩ የምትባል ከተማ። አንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ውሃው በቦቴ ይመጣለታል፣ በደንብ ያልተጣራ። የካቲት አካባቢ ታካሚዎቹ እጥበት ላይ እያሉ ዓይናቸው መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ ጀመሩ። 116 ሰዎች ታመሙ። መቶ ያህሉ ጉበታቸው ሥራ አቆመ። ከሞቱት ውስጥ 52ቱ በዚህ መርዝ ምክንያት መሞታቸው ተረጋገጠ። በኋላ ተመራማሪዎች ሲያሰሉት እጥበቱ ውሃ ውስጥ የነበረው ማይክሮሲስቲን በሊትር 19.5 ማይክሮግራም ገደማ ነበር።

19.5። ለዋና ከተፈቀደው ያንሳል! በዚያ ውሃ ልጆች ቢዋኙበት ማስጠንቀቂያ ላይሰቀል ይችል ነበር። ግን የእጥበት ታካሚ ውሃውን አይጠጣውም። በአንድ ቀጠሮ መቶ ሊትር ያለፈ ውሃ ከደሙ ጋር ጎን ለጎን ያልፋል፣ በመሐላቸው ስስ ሽፋን ብቻ ነው ያለው። ጨጓራ የለ፣ አንጀት የለ፣ በቀጥታ ነው። እኔ ይሄን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ "ይሄ ውሃ ደህና ነው?" የሚለውን ጥያቄ መመለስ ትቻለሁ። "ለማን? ለምን ሥራ?" ብዬ እጠይቃለሁ።

እዚህ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። ከፊት ወንበር ነበሩ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው። "የኔ ልጅ፣ አንተ የምትለውን ሁሉ ሰማሁ። እኛ ከሐይቁ ነው የምንቀዳው፣ ግን እኔ ሳላፈላ አልሰጥም። ለልጅ ልጆቼም አፍልቼ ነው።"

እማማ፣ እኔም ያደግኩት በተፈላ ውሃ ነው። እናቴ ድስቱን ጥዳ ሲንተከተክ አጠገቡ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ልክ ነበረች። ለኮሌራ፣ ለአሜባ፣ ለታይፎይድ ማፍላት ፍቱን ነው። እንዳይተዉት። ይሄ መርዝ ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለም፣ ኬሚካል ነው። ሙቀት አያፈርሰውም። እንዲያውም ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ አልጌው በሕይወት እያለ አብዛኛው መርዝ በሆዱ ውስጥ ነው ያለው። ሲፈላ ይፈነዳል፣ መርዙን ውሃው ውስጥ ይዘረግፈዋል። ሁለተኛ፣ ውሃው ይተናል፣ መርዙ ግን አይተንም። አሥር ሊትር ውስጥ 20 ማይክሮግራም ካለ በሊትር ሁለት ነው። አፍልተውት ስምንት ሊትር ከቀረ ሁለት ተኩል ሆነ ማለት ነው። ጀበናም ቢሆን ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 አሜሪካ ውስጥ ቶሌዶ የምትባል ከተማ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ይሄው ነው የደረሰባት። ውሃዋን ከኢሪ ሐይቅ ነው የምትስበው። ሐይቁ ውስጥ ከእርሻ የታጠበ ፎስፈረስ በማውሚ ወንዝ በኩል ይገባል፣ በየዓመቱ በሞቃት ወራታቸው አልጌው ይለመልማል። አንድ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ የተጣራው ውሃ ውስጥ ማይክሮሲስቲን ከ1 በላይ ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ "አትጠጡ" ተባለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ቃል ናት ዋናዋ፤ "አታፍሉ"። እንደኛው አገር እዚያም ሰው ውሃ ተበከለ ሲባል ወደ ምድጃ ነው የሚሮጠው። እስኪነጋ የታሸገ ውሃ ከየሱቁ አልቆ ነበር፣ ሰው ሌላ ክፍለ ግዛት ድረስ እየነዳ ሄዷል። በሦስተኛው ቀን ሲፈቀድ ከንቲባው ካሜራ ፊት አንድ ብርጭቆ ጠጡ። የሀብታም አገር፣ ማጣሪያ ያለው፣ ላቦራቶሪ ያለው ከተማ ነው። እንዲያም ሆኖ አመለጣቸው። ግን ለክተውት ነበር። ባይለኩት ኖሮ ማንም ሳያውቅ ይጠጣ ነበር፣ እኔ እንደፈረምኩት ዓይነት።

"ውሃ አጋርስ?" አለ አንድ ወጣት ከኋላ።

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን መልሱ "እንደ ሁኔታው" ነው፣ ይቅርታ። ውሃ አጋር ያው ክሎሪን ነው። ክሎሪን ማይክሮሲስቲንን ይሰብረዋል፣ በቂ መጠን ካለ፣ በቂ ጊዜ ካገኘ፣ ውሃው ብዙ ቆሻሻ ከሌለበት። አረንጓዴ ውሃ ያለበት ጀሪካን ውስጥ አንድ ክዳን ስትጨምር ግን ክሎሪኑ መጀመሪያ አልጌውን ሲገድል ያልቃል። መርዙ ወጥቷል፣ ክሎሪኑ አልቋል። የማጣሪያ ጣቢያዎችም ቅደም ተከተሉን ከሳቱት ያው ነው። መጀመሪያ አልጌውን ሳያፈነዱ፣ ከነሕይወቱ አሉም በሚባል ኬሚካል አጣብቆ ማዝቀጥና ማጣራት፤ ክሎሪን በመጨረሻ። መርዙ ውሃው ውስጥ ቀድሞ ከሟሟ ደግሞ አክቲቭ ካርቦን፣ ማለትም መርዙን መጥጦ የሚይዝ ልዩ ከሰል፣ ያስፈልጋል። የሸክላ ማጣሪያ አልጌውን ይይዛል፣ የሟሟውን መርዝ ግን ያሳልፈዋል።

አውስትራሊያ ውስጥ ፓልም ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 ሰዎች "ውሃው ይሸታል፣ ጣዕሙ ጠፋ" ብለው አማረሩ። ባለሥልጣናቱም ሰው ያለውን ሰምተው ግድቡ ውስጥ የመዳብ ሰልፌት ጨመሩ፣ አልጌው እንዲሞት። ሞተ። ሞቶ መርዙን በአንድ ጊዜ ለቀቀ። በቀናት ውስጥ 148 ሰዎች ታመሙ፣ 138ቱ ልጆች። መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ እንኳ አልታወቀም ነበር። በደግነት የተሠራ ጥፋት ከሌላው ጥፋት ይልቅ ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም ማንም አያስቆመውም።

ማማረሩን ካነሳሁ አይቀር፣ ሽታ አታላይ ነው። ዝናብ እንደነካው አፈር የሚሸት የቧንቧ ውሃ ታውቁ የለ? ያ ሽታ ብዙ ጊዜ ከነዚሁ ሳያኖባክቴሪያዎች ነው፣ ሽታው ራሱ ግን መርዝ አይደለም። መርዙ ደግሞ አይሸትም። ስለዚህ የሚሸተው ደህና፣ የማይሸተው መርዘኛ ሊሆን ይችላል። አፍንጫችሁ አይረዳችሁም።

ሐኪም ቤትም ነገሩ ይሰወራል። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ሆድ ቁርጠት ይዞት የሄደ ሰው በእኛ አገር መልሱ የታወቀ ነው፤ ወይ ታይፎይድ ወይ አሜባ። የወፍ በሽታ ከያዘውም ብዙ ምክንያት አለ። ማንም "የምትጠጣው ውሃ አረንጓዴ ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ሐኪሞቹን መውቀሴ አይደለም። ጥያቄው ማንም ዝርዝር ውስጥ የለም።

ከብት ግን ቀድሞ ይናገራል። ስለዚህ ነገር በሳይንስ መጽሔት መጀመሪያ የጻፈው ጆርጅ ፍራንሲስ የሚባል ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ስላለው አሌክሳንድሪና ሐይቅ። "እንደ አረንጓዴ የዘይት ቀለም" አለው። በጎች፣ ፈረሶች፣ ውሾች ከዚያ ጠጥተው በሰዓታት ውስጥ ሞቱ። በቅርቡ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ቦትስዋና ውስጥ ከ300 በላይ ዝሆኖች ሲሞቱ መንግሥት ምክንያቱ ይሄው ነው አለ። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ከብት ወይ ውሻ በድንገት ሲሞት "ቡዳ ነው" ከማለታችሁ በፊት ውሃውን እዩት።

ላንጋኖ ለመዋኘት የምትሄዱ አላችሁ? ሁላችሁም ናችሁ፣ አውቃለሁ። "ላንጋኖ ቢልሃርዝያ የለውም" እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም እዋኛለሁ። መርዙ ከመጠጥ ገደብ በላይ ተገኝቷል ብያለሁ፣ ለዋና ግን ገደቡ ሌላ ነው፣ ለዚህ ነው ቁጥሮቹን ያስቆጠርኳችሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ለሌላ ሐይቅ ቀላል ዘዴ አለ። እስከ ጉልበታችሁ ግቡና ወደታች እዩ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ እግራችሁ ካልታያችሁ ውጡ። ላንጋኖ ግን ቡናማ ነው፣ ሁልጊዜም እግር አይታይም፤ ደለሉ ነው። እዚያ የምታዩት ሌላ ነገር ነው። ላዩ ላይ አረንጓዴ ክር፣ ዱቄት የሚመስል ነገር፣ ዳር ላይ የተከመረ አረፋ ካለ በዚያ በኩል አትግቡ፣ ልጅም ውሻም አታስገቡ። ከወጣችሁ በኋላ በንጹሕ ውሃ ተለቃለቁ።

አሳው ይበላል። መርዙ በብዛት የሚጠራቀመው ጉበቱና ሆድ ዕቃው ውስጥ ነው፣ ሥጋው ውስጥ ያነሰ ነው። ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ ጣሉ፣ ለድመትም አትስጡ።

አሁን ጠርሙሷን እንያት። ኑ ጠጋ በሉ። ስንጀምር ጠቅላላው ፈዛዛ አረንጓዴ ነበረ አይደል? አሁን ታቹ ጠርቷል፣ አንገቷ ጋ ደግሞ ቀለበት ሠርቷል። ተራ አልጌ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ ታች ይዘቅጥ ነበር። ይሄኛው ሰውነቱ ውስጥ ጥቃቅን የአየር ከረጢት አለው፣ ይንሳፈፋል። ይሄ ማለት ሳያኖባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። መርዝ አለው ማለት ግን አይደለም፤ እሱን የሚለይ መመርመሪያ ያስፈልጋል። እስኪመረመር ድረስ ግን እኔ አልጠጣውም።

ሐይቁም ላይ የሚሆነው ይሄው ነው። ሌሊት ነፋስ ሲጠፋ ወደላይ ይወጣል። ጎህ ሲቀድ ላዩ ላይ ተነጥፎ ታገኙታላችሁ። ረፋድ ላይ ነፋስ ሲነሳ ወደ አንዱ ዳር ይገፋዋል፣ እዚያ ይከመራል። ስለዚህ በአንድ ሐይቅ፣ በአንድ ቀን፣ በአንዱ ዳርና በሌላው መሐል ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

እማማ እንደገና እጃቸውን አነሱ። "እኛ እኮ የምንቀዳው ጎህ ሳይቀድ ነው፣ ሳይሞቅ። አረፋውን በእጄ ገፋ አድርጌ ጀሪካኑን አጠልቃለሁ። ታዲያ መቼ ልቅዳ?"

ትንሽ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር የላቦራቶሪ ሰው ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለውም። ያልኳቸው ይሄን ነው። እማማ፣ አረፋው ካለበት ዳር አይቅዱ፣ ራቅ ቢልም ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይሂዱ። የሚቻል ከሆነ ከሐይቁ ሳይሆን ከዳሩ ጥቂት ሜትር ርቃችሁ አሸዋው ላይ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ የሚጠልለውን ቅዱ፣ አሸዋው አልጌውን ያስቀርላችኋል። ከዚያ ያፍሉት፣ ለተቅማጡ። የትንሹን ልጅ ጡጦ ግን ቦኖም ቢሆን፣ የታሸገም ቢሆን፣ ከሌላ ውሃ ያድርጉለት።

"ቦኖው እኮ ከተበላሸ አራት ወሩ ነው" አሉኝ።

አዳራሹ ውስጥ የወረዳ ውሃ ሥራ ሰዎች ነበሩ። ሁላችንም ዞረን አየናቸው። አንደኛው ተነሳና የቦኖውን ቦታ ጠየቃቸው፣ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈ። እኔም ስልክ ቁጥሩን ተቀብያለሁ።